ደም የገባበት ጅማት

የአክስቴን ባል አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። ስለ ሽማግሌ እንዲህ አይወራም የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። እነሱ እሱ ቤት አላደጉም፣ እኔ አድጌያለሁ። እናቴ ስትሞት አክስቴ አቅፋ ወሰደችኝና ከሁሩሙ ወደ ውስጥ፣ መኪና በማይገባበት የቡና መንደር አሳደገችኝ። እሱ ደግሞ እህል በቀረበ ቁጥር ጉርሻዬን በዓይኑ እየተከተለ አሳደገኝ። "ጋሼ" እለዋለሁ። አፌ ለምዶት ነው እንጂ ልቤ ብሎት አያውቅም።

የእንስሳት ሕክምና ተምሬ ሁሩሙ የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ስመደብ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሊለኝ መጣ። እሱ በሰው ፊት፣ "ሰው ልጅ አስተምሮ ሰው ያሳክማል፣ እኛ አስተምረን አህያ እናሳክማለን" ብሎ ሳቀ። ሰዉም አብሮት ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "የበቅሎ ዶክተር" ሆነ። ላሙ ወተት ስትነሳው ግን ገና ሳይነጋጋ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ተገትሮ የማገኘው እሱን ነበር። ያኔ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" ይለኛል። ላሟ ወተቷን ስትሰጥ መልሼ የበቅሎ ዶክተር እሆናለሁ።

አክስቴ ቡና ስትለቅም ጭቃ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሯል። ያን ጊዜ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ወጌሻ አሽቷት አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። ከቤት እስከ ጓሮ በምርኩዝ ትደርሳለች፣ ከዚያ ወዲያ አይሆንላትም። ከመንደሩ የምታወጣት አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረች። ነገረኛ በቅሎ ናት፤ ያልረገጠችው ሰው የለም፣ እኔን ሁለቴ ረግጣኛለች። እትዬ፣ አክስቴን እንዲያ ነው የምጠራት፣ ደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ ቆማ ስትወጣባት ግን ጆሮዋን እንኳ አታንቀሳቅስም። ወደ ማርያም በእሷ፣ ወደ መቱ ሐኪም ቤት ለመሄድ እስከ መኪናው መንገድ በእሷ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ለቅሶ የምትደርሰው በእሷ ነበር። አገራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለቅሶ የማይደርስ ሰው በቁሙ ከሰው ይወጣል። እትዬ ደግሞ አልቃሽ ናት፤ እሷ ያልገባችበት ለቅሶ ለቅሶ አይመስልም ነበር።

ነሐሴ ላይ ከቡናው ሥር ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ከመሬት እኩል ይቆርጣል። ጋሼ ጎንበስ አይልም። ቀጥ ብሎ ቆሞ በገጀራ በሰያፍ ይመታና ያልፋል፤ ከኋላው የሚቀረው ጉቶ እንደ ጦር የሾለ ነው። "ኧረ ጋሼ፣ ሰው ይወጋል፣ ከብት ይወጋል" ያላለው የለም። "የሚያይ ዓይን ያለው አይወጋም" ነው መልሱ። በዚያው ሳምንት በቅሎዋን በዚያው ማሳ ውስጥ በአለንጋ እየሞሸለቀ ነዳትና አንዱ ጉቶ የፊት እግሯን ከኋላ በኩል፣ ከጉልበቷ በታች ተረተረው። ዓይንማ ነበራት፤ አለንጋው ፋታ አልሰጣትም እንጂ።

ስደርስ ግቢው ውስጥ በሦስት እግሯ ቆማለች። ቁስሉን አጥቤ ጣቴን ባስገባ ጅማቱ የለም። ላይና ታች ተሸሽጎ ጫፍና ጫፉ እንደ ተበጠሰ የቃጫ ገመድ ተተልትሏል። የተበጠሰ ጅማት ያለው የጭነት ከብት መጨረሻው በእኛ አገር የታወቀ ነው። ጫካ ዳር ይወሰዳል፣ ይታሰራል፣ ለጅብ ይተዋል። ጋሼ ገመዱን እያዘጋጀ ነበር። እትዬ ምርኩዟን ጥላ የበቅሎዋን አንገት ይዛለች።

"ትሰፊያታለሽ?" አለችኝ።

"እሰፋታለሁ።"

"ጨርቅ መሰላት እንዴ!" አለ እሱ፣ ገመዱን እንደያዘ።

"ጨርቅማ ቢሆን እርስዎም ይሰፉት ነበር" አልኩት። አክብሮቱን ሳልነፍግ መዋጋት የተማርኩት ከእሱ ጋር ነው።

ማደንዘዣ ወግቼ፣ በወፍራም የናይለን ክር ጫፍና ጫፉን አገናኝቼ ሰፋሁት። ላዩን ዘግቼ እግሯን በጀሶ አሰርኩ። ሥራው ሲያልቅ ጀርባዬ ቀጥ አልል ብሎኛል። እትዬ ከሥራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የበቅሎዋን ራስ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር፣ ያንን የተጣመመ ዳሌ ይዛ። አንዲት ቃል አላማረረችም። ጋሼ ሰው ቤት ሄዶ ቡና እየጠጣ ቆየ።

ጀሶውን ጥቅምት መግቢያ ላይ ላወልቅ ሄድኩ። በመጋዝ ከፍቼ ሳየው በጣም ደስ አለኝ። ስፌቱ ያለበት ቦታ አብጧል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ ጠጉር የሌለበት ቆዳ ቀልቷል። ቅርፊቱን በጥፍሬ ነካ ባደርገው ደም ቦግ ብሎ ወጣ። እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነበር። እጄን ታጥቤ ስመለስ ግን እሳት ተያይዟል። ጋሼ ከማዶ መንደር በጋለ ብረት ከብት የሚተኩስ ሰውዬ አስመጥቶ ኖሮ ብረቱ ፍም ውስጥ ገብቷል።

"መጥፎ ደም ቋጥሯል" አለኝ ጋሼ። "ሃ ጉበሙ! ይቃጠል! አይታይሽም እንዴ፣ እንደ ዱባ አብጦ።"

ደሜ ፈላ። ሰውዬውን፣ "ብረትህን ይዘህ ከዚህ ግቢ ውጣ፣ አለዚያ በራስህ ብረት ነው የምተኩስህ" አልኩት። ሰውዬው እንግዳ ነው፣ ያገሩን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ግን ያን ሰዓት ለእሱ የማዝንበት ልብ አልነበረኝም። ብረቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ እያጉተመተመ ሄደ። ጎረቤት ተሰብስቧል። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አስረዳሁ።

"ጅማት ደም የሚጠማው ነገር ነው" አልኩ። "ሥጋ ቢቆረጥ ደም ሞልቶታል፣ ቶሎ ይድናል። ጅማት ግን ነጭ ነው፣ የደም ሥሩ ከስንት አንድ ነው። ሲቆረጥ ደም ከጎረቤት ነው የሚመጣለት። ዙሪያውን ካለው ሥጋና ሽፋን ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች በቅለው ወደ ስፌቱ ይገባሉ። ይሄ የምታዩት እብጠት እነሱ ናቸው። ሙቀቱም እነሱ ናቸው። መግቢያቸውን ብታቃጥሉት የሰፋሁት ነገር እዚያው ይሞታል።"

"እና ደም ገባበት ማለት ነው?" አለ ጋሼ።

"ገብቶበታል።"

"ደግ ነዋ!"

"ይስሙኝ እንጂ ጋሼ። ደም ስለገባ ጠነከረ ማለት አይደለም። እንዲያውም አሁን ነው የላላው። ተማሪ ሳለን የጥንቸል ጅማት ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ከርሞ በማይክሮስኮፕ አሳይተውናል። መጀመሪያ ላይ የደም ሥሩ እንደ ጉንዳን ነው፣ በያለበት ይርመሰመሳል፣ ጅማቱ ግን ጭቃ ነው፣ መልክ የለውም። ብዙ ቆይቶ የደም ሥሩ እየከሰመ ይሄዳል፣ የጅማቱ ክርም መስመር ይዞ ይነጣል። ጅማት ዳነ የሚባለው ደሙ መልሶ ሲሸሽና እብጠቱ ሲቀዘቅዝ ነው። እስከዚያ ጭነት የለም። ሰውም አይወጣባትም። እትዬም ብትሆን።"

ይህን ስል ሁሉም ሰምቷል። ጎረቤቶቹ ሰምተዋል፣ እትዬ ሰምታለች፣ የጋሼ ጆሮ ግን የፈለገውን ብቻ ነው የሚያስገባው። "የበቅሎ ዶክተር ተናገረች" ብሎ ሳቀና ገባ።

እትዬ የሰማችውን ግን ጠበቀች። በቅሎዋን ጠዋት ጠዋት በገመድ ይዛ፣ እሷ በምርኩዝ፣ በቅሎዋ በአንካሳ እግር፣ ግቢ ውስጥ ቀስ እያሉ ይዞሩ ነበር። እኔ ነኝ አዙሪያት ያልኩት፤ ጅማት ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ከጎረቤቱ ሥጋ ጋር ይጣበቃል። ሁለቱም የሚያነክሱት በአንድ በኩል ነው። ጎረቤት ሲስቅባቸው እሷም ትስቃለች። "ማን ቀድሞ እንደሚድን እናያለን" ትላለች።

ጥቅምት ሳያልቅ የልጅነት ጓደኛዋ ሞተች። አብረው ያደጉ፣ በአንድ ቀን የተዳሩ ናቸው። ቤቷ ከወንዙ ማዶ ዳገቱ ላይ ነው። ጎረቤቶች መጥተው፣ "አንድ ቀን ነው፣ ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ውጪባት" አሏት። ጋሼም፣ "ውጪ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሰው ምን ይለናል" አለ። እትዬ እንቢ አለች። ጅማቱ ገና ነው ተብሏል፣ አለች። ለቅሶው ማዶ ሲያስተጋባ፣ በቅሎዋ ላይ ለመውጣት ከምትቆምበት ድንጋይ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ብቻዋን አለቀሰች። ብቻዋን ሙሾ አወረደች፣ ተቀባይ የሌለው ሙሾ። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ የበቅሎዋን እግር ላይላት ሄጄ ነበር። ያም ሆኖ ልፈቅድላት አልቻልኩም፤ እብጠቱን ዳበስኩት፣ እንደ በፊቱ ይሞቃል።

ኅዳር ላይ ቡናው በአንዴ ቀላ። እሸት ቡና አያድርም፤ በተለቀመበት ዕለት ማጠቢያ ጣቢያ ካልገባ ይበላሻል። የመንደሩ አህያና ሰው ሁሉ ተይዟል። ጋሼ የጎረቤት አህያ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ተራ ጠብቆ በተሰጠው ነበር። ተራ መጠበቅ እሱ ዘንድ ጎንበስ ከማለት እኩል ነው። በጠዋት ተነስቶ፣ እትዬ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ በቅሎዋን ከጋጥ አውጥቶ ሁለት ጆንያ እሸት ቡና ጫነባት። መንገድ ላይ ያገኙት ሰዎች "ኧረ እግሯ!" ሲሉት ምን እንዳለ ኋላ ነገሩኝ። "ሐኪሟ ራሷ ደም ገብቶበታል ብላለች፣ ደም የገባበት ነገር ዳነ ማለት ነው" አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው፤ ልዩነቱ ሲሉ ሰምቶ የሚያንቀው ሌላውን መሆኑ ነው።

እኔ በክትባት ሥራ ኖፓ በኩል ነበርኩ። እትዬ ደወለችልኝ። እየጮኸች አልነበረም። "ነይ" አለች። "መድኃኒት ይዘሽ ብትመጪም ይጠቅም እንደሆን እንጃ። እንዲያው ነይ።"

በቅሎዋ ወንዙ ቁልቁለት ላይ ወድቃለች። ጆንያዎቹ ተፈትተዋል፤ ጋሼ አስቀድሞ ያዳነው እነሱን ነበር፤ በሰው ትከሻ ወደ ጣቢያው ልኳቸዋል። ስፌቱ ያለበት ተበጥሶ ሰኮናዋ ወደ ላይ ተገልብጧል። ቁስሉን ገለጥ አድርጌ አየሁት። መስመር የያዘ የጅማት ክር የለም። የነበረው ቀይና ለስላሳ ነገር ነው፣ በየአቅጣጫው ደም ያዘራል። እነዚያ ያን ሁሉ ሳምንት ተስበው የገቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ሁሉ ተበጥሰው እጄ ላይ ይፈሳሉ። ሁለተኛ የሚሰፋ ነገር አልነበረም።

"ደም አለው ብለሽ አልነበር?" አለኝ ከአናቴ ላይ ቆሞ።

ተነሳሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተናግሬ አላውቅም። "ጭነት የለም ያልኩትስ? እሱን ማን ሰማው? እትዬ የጓደኛዋን ለቅሶ የቀረችው ለእርስዎ ቡና ነው? ሰው አይደሉም እርስዎ!" አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩ፤ እዚህ የማይጻፍ። እሱም መለሰ። ያበላሁሽ፣ ያሳደግሁሽ፣ አንቺ እርጉም፣ አለ። ከተሰበሰበው ሰው አንድ ሽማግሌ መሃላችን ገብቶ "ያ ዋቃ፣ አንተ አምላክ፣ ኧረ በማርያም" እያለ ይለምናል። ጋሼ ገመዱን አነሳ፤ እንደለመደው ለጅብ ሊያስጎትታት። እምቢ አልኩ። መርፌ ወግቼ፣ ራሷን እኔ ጭን ላይ አድርጌ፣ እዚያው አሳረፍኳት። እየደነዘዘችም አንዴ ልትረግጠኝ ሞክራለች።

ወደ ቤት ስንወጣ እትዬ ደጃፉ ላይ ቆማለች። በቅሎዋ እንደሞተች ማንም ሳይነግራት ፊታችንን አይታ አወቀች። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ከኋላችን የሚመጡትን ጎረቤቶች፣ "የዕድሩን ቃሬዛ አምጡልኝ" አለቻቸው።

ሰዉ ተደናገጠ። ቃሬዛ የሚወጣው በጠና ለታመመ ወይም ለሞተ ሰው ነው። "ማን ታመመ?" አሉ።

"እኔ ነኝ የምጫነው። ወደ መኪናው መንገድ አውርዱኝ።"

"አብደሻል?" አለ ጋሼ። "ጤነኛ ሰው በቃሬዛ? ልታዋርጂኝ ነው?"

እሷ ወደ እሱ አልዞረችም። ለጎረቤቶቹ ነው የተናገረችው። "እግሬ ያቺ ነበረች፣ ዛሬ ሄደች። ከዚህ በኋላ ከዚህ ቤት የምወጣው በእናንተ ትከሻ ነው፤ አንድም ዛሬ በሕይወቴ፣ አንድም ሌላ ቀን ሬሳዬ። ዛሬ ይሻላል፤ ቢያንስ መንገዱን አያለሁ" አለች።

ዕድርተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ደንብ የለውም ያለ ነበር። ቀብር ላይ ስታስለቅሳቸው የኖረች ሴት ናት፤ ከመካከላቸው ለአባቱ ወይም ለእናቱ ያላለቀሰችለት አልነበረም። አንዱ ቃሬዛውን ሊያመጣ ሄደ። ጋሼ ደጃፉ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ገለል አደረጉት። በምርኩዟ፣ በአንዲት ትንሽ ፌስታል ልብስ ወጣች። መንገድ ላይ ያገኙን ሰዎች ሬሳ መስሏቸው ጋቢያቸውን ሲያዘቅዝቁ፣ እትዬ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብላ፣ "አለሁ፣ አለሁ፣ እንዴት ዋላችሁ" ትላለች። አንዲት ሴት ደንግጣ አማተበች። እኔ ከኋላ እየሄድኩ ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣብኝ።

አሁን የምንኖረው መቱ ነው፣ እኔም ሥራዬን ቀይሬ እዚህ ነኝ። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ነው። የሰፈሩ ባጃጆች ያውቋታል፤ ደጃፍ ድረስ ገብተው ያነሷታል። ማርያም ትደርሳለች፣ ገበያ ትደርሳለች፣ ከማታውቀው ሰው ለቅሶ ሳይቀር ትደርሳለች። "ኧረ እትዬ፣ ይሄኛውን እንኳ አናውቀውም" ስላት "ሞትስ ሁላችንንም ያውቀናል" ትለኛለች።

ጋሼ ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ገበያ መጥቶ ደጃችን ቆመ። አርጅቷል። ይግቡ አላልኩትም፤ እሷ ናት "ይግባ" ያለችው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ቡና የለቀመለትን ሰው፣ የሞተውን፣ የተዳረውን ሁሉ ነገራት፤ እሷም ጠየቀችው፣ ተጨዋወቱ። ይቅርታ የሚባል ቃል ሊወጣው ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አልወጣውም። መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እንግዲህ ቤትሽ ቤትሽ ነው። በቅሎ ልገዛ ነው" አላት።

እትዬ ፊቱን እያየች፣ በጭራሽ ሳትቆጣ፣ "ምን ልትጭንባት?" አለችው።

ባርኔጣውን አንስቶ ሲወጣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።